ከሞጣ ጎሬ፣ በክር

አባቴ ካለፈ፣ በአርባው ማግሥት
ሣጥኑን ከፈትሁት፣ ቁልፉ የጠፋበት።
አሮጌ ካርታ ነው፣ እጥፉ የተበላ፣
የሜዳው መዝገብም ከካርታው በኋላ፤
ከሥር ጥቁር ክር አለ፣ የልብስ ስፌት፣
ሁለት ቋጠሮዎች በጥርስ የጠበቁበት።
አንዱን ሞጣ ይዤ ሌላውን ብስበው
የጮቄን ትከሻ፣ ዓባይን፣ ደዴሳን አልፎ
ጎሬ ነው የሚቆመው።

ሥራው ምን እንደሆን ሰው ሲጠይቀኝ፣ ልጅ ሆኜ፣
“ላም ያባርራል” ነበር መልሴ፣ አይቼ፣ አምኜ።
ዳኮታው ሲመጣ፣ በሣምንት ሁለቴ፣
የእትዬ ጥሩዓለምን ጊደሮች ከሜዳው ሲነዳ አባቴ፣
ባርኔጣው በግራ፣ በቀኙ ልምጭ አንስቶ፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ወርዝቶ።

ጧት ጧት ግን ሬዲዮ ነው። “ጎሬ፣ ጎሬ፣ ሞጣ ነኝ።”
“ሞጣ፣ ጎሬ ነኝ፤ ዛሬም ጉሙ አልለቀቀኝ።”
ነገዎ ይባላል። አይተዋወቁም በመልክ፤
ድምፅ ነው አንዱ ለሌላው፤ ሳል፣ ሣቅ፣ የደመና ልክ።
ሥራው አያዝዛቸውም፤ ግን ከመዝጋት በፊት
“ያንተው አረፈ?” ይላል አንዱ፣ እንደ ደኅና ዋል ሰላምታ፤
“አረፈ። ያንተስ?” ይላል ሌላው፣
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ያለ አንድ ቀን ዝምታ።

ነሐሴ ዐሥራ ሁለት፣ ዓርብ። በመዝገቡ ገጽ ላይ፦
በረራ የለም፤ ዝናብ፤ የተዘጋ ሰማይ።
ጎሬን ሲጠራ ግን ሌላ ድምፅ ነው የመጣው፣
የሚንተባተብ፣ ማይኩን ያልለመደው።
“ነገዎን አቅርብልኝ።”
                “ነገዎ… አረፈ።”
አባቴ፣ እጁ ለምዶ፣ በመዝገቡ ጻፈ፦
“ሰዓት፣ አራት ከሃያ። ጎሬ። አረፈ።”
ነጥቡን ሲደጋግም እርሳሱ ወረቀቱን አለፈ።

ከሥሩ ስሌት አለ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት።
በክር አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በአየር፤
ዳኮታ በሰዓት ሁለት መቶ ሰባ ቢበር
አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሁለት ደቂቃ።
አሁኑኑ ቢነሣ፣ ለስድስት ስምንት ጉዳይ
እግሩ ጎሬ ሜዳ ላይ።
ሦስት ሰዓት ይተርፈዋል። ለመታጠብ፤ ነጠላ ለመዋስ፤
ሣጥኑም ሳይዘጋ
መልኩን ለማየት፣ የመጀመሪያ ጊዜ።

ከጎኑ፣ በቀይ ቀለም፣ እውነተኛው መንገድ፦
ማክሰኞ ዳኮታው ከመጣ፣ አዲስ አበባ መውረድ፤
እዚያ ሁለት ሌሊት፤ ጅማ፤ ጅማም አንድ አዳር፤
በስምንተኛው ቀን፣ ጉም ከፈቀደ፣ ከመቃብር።
አልሄደም። ሰኞ ጧት ሜዳው ላይ አየሁት፣
ጊደሮቹን ሲነዳ፣ አውሮፕላን በሌለበት።

ትናንት ይህንኑ ስልኬን ጠየቅሁት፦
ሞጣ፣ ጎሬ፣ ርቀት፣ የበረራ ሰዓት።
“አራት መቶ ዐሥራ አምስት” አለኝ ሳያመነታ፣
“ቀጥታ በረራ ግን አልተገኘም” አለ፣ እንደ ይቅርታ።
ሜዳው ጤፍ ነው ዛሬ፣ ጫፉ ላይ ወፍጮ ቤት፤
ሬዲዮው የነበረበት ክፍል ዶሮ ያድርበት።

ሦስት ኪሎ ሜትር ነው እንግዲህ የአባቴ ስሕተት።
ክሩን ወደ መብራት አስጠግቼ አየሁት፤
አልተሳሳተም እኮ፤ ቋጠሮ ክር ይበላል፣
ሦስቱ ኪሎ ሜትር እዚያ ውስጥ ይኖራል፣
በጎሬ በኩል ባለው፣ በጥርስ በጠበቀው።

አልፈታሁትም።