በጠመኔ ምልክት

ቼክ ፖስት፣ ከድልድዩ ሥር፣ ሦስተኛው ጋራዥ ውስጥ፣
ዝናብ የማያውቅ የሃይፋ ሐምሌ በቆርቆሮው ሲያላግጥ፣
አንዲት አሮጊት መጣች፣ መኪናዋን አስጎትታ፣
እንደ ሕመምተኛ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ አስተኝታ።

ገለጥኩት። ያቺው ናት!
ባለሁለት በር፣ ጣሪያ የለሽ፣ ዝቅ ያለች፣
እዚሁ ሃይፋ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተወለደች፣
"በረሃ አቁመዋት ግመል ግጦ ጨረሳት" የተባለች።

ሥራዬ መለየት ነው፤ ገዢ ሳይከፍል ይጠራኛል፣
"ይሄ ኦሪጅናል ነው? ያኛውስ?" ይለኛል።
ሌላው መካኒክ ማግኔት ይዞ ይዞራል፤
እሷ ላይ ግን ማግኔት ተንሸራቶ ይወድቃል።

በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ።
ግራው ፓራፋንጎ "ድም" አለ፤ ወፍራም ነው፣ እርጋታ ያለው፣
ቀኙ "ጣ" አለ፤ ቀጭን፣ ኋላ ሌላ እጅ የለወሰው።
የሻንሲው ቁጥር ላይ ሰባቷ አዘንብላለች፤
በእጅ የተመታች ናት፣
ቀጥ ብላ ብትገኝ ነበር የዋሸች።
ጨርቅ የለበሰው ገመድ የጥንቱ፣
ከሱ የተቋጠረው ፕላስቲክ የትናንቱ።
ባለአንድ ሰረዙ ቪቴ አብሯት የወጣ ከፋብሪካ፣
መስቀለኛው እንግዳ ነው፣ ገብቶ የተተካ።

(ቪቴ፣ ዳዶ፣ ፓራፋንጎ የምለው ከጎንደር ነው ያመጣሁት፤
የጣሊያን መለዋወጫ መሆኑን እዚህ ነው ያወቅሁት።)

"እውነተኛ" ያልኩትን ሁሉ በነጭ ጠመኔ ከበብኩ፣
ምትኩን እንደ ሰው ነውር አይቼ እንዳላየሁ ተውኩ።

"ተሳስተሃል" አለች ብሩሪያ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ፣
መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ሳትቆጣ።
"የፋብሪካውን ፋብሪካው ይቁጠረው፤ እኔ ምን ላርገው?
ዜሊግ ዐርባ ዓመት፣ ሰንበት በወጣ ቁጥር፣
ከዚህች ጋር ነው ያመሸው።
እሱ የነካውን አሳየኝ፤ ሌላውን ተወው።"

በጨርቅ አጠፋሁት። እንደገና፣ ከኋላ ወደ ፊት።

የኋላ መብራቷን ክዳን ከድስት ቆርጦ ሠርቶታል፤
"የፋሲካ ድስቴ!" አለች፣ "አላየሁም ብሎ ምሎልኛል!"
የማርሹ እጀታ ወይራ ነው፣ በአውራ ጣት ልክ የጎደጎደ፤
የማን ጣት እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ እጇ ወደዚያው ሄደ።
ከኮፈኖው ሥር አንድ ቡሎን ጠሞ ገብቷል፣ ጥርሱን በልቶ፤
"ያን ሰሞን እናቱ ሞታ ነበር" አለች።
ዝም አልን።
የጭነት መኪና አለፈ፣ ጋራዡን ሁሉ አንቀጥቅጦ፣ አሰልችቶ።

"ስምህ ማነው?"
"ኦዴድ" አልኩ፣ ደረቴ ላይ እንደተጻፈው።
"የፋብሪካው ነው?"
"አይ፤ አየር ማረፊያ ነው የተገጠመው፤
ጸሐፊዋ ቸኩላ ነበር፣ ሰልፉም ረጅም ነው።
በፊትማ ምትኩ ነበርኩ።"
"ምን ማለት ነው?"
እናቴ ከኔ በፊት የቀበረችው ልጅ ነበራት፤
እኔን በሱ ቦታ ገጠመችኝ፤ እንዲያ ነው ነገሩ።
ኦሪጅናሉ ስሜም ምትክ ነው ከነመፈጠሩ።
ይህን በዕብራይስጥ ለማለት ሞከርኩ፤ ግማሹ ቀረ።
እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ ሁሉም እንደገባው ሰው።

ሊመሽ ሲል የፍሬኑ ላስቲክ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤
ፊርማው እንኳ አልጠፋም፣ በፋኖስ አነበብኩት።
ለዚህች ቁራጭ ጎማ ብቻ እብድ ሰብሳቢ ስንት ይከፍላል!
"ይሄ መቀየር አለበት" አልኩ፣ "ካልሆነ ይገድላል።"
"የማነው?"
"የፋብሪካው።"
"እንግዲያ ጣለው።"

አዲሱን ገጠምኩ፤ ሁለት ዳዶ፣ አንድ ማሰሪያ፣ የኔ እጅ ያጠበቀው።
ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነበር።
አልከበብኩትም፤ ገና ነው።