የቅጣት ምሳ

በታዝማኒያ ዳርቻ፣ በደቡቡ ጥግ ላይ፣
ገና አይበርድም እኮ፤ ይመጣል ከፀሐይ፤
ቼሪ በየዛፉ ቀልቶ ሲንጠለጠል፣
የመንገዱ አስፋልት ከእግር ስር ሲቃጠል፣
የእሳት አደጋ ቤት በሩ ተከፈተ፣
ቀዩ መኪናቸው ከጥላው ተጎተተ፤
እኛም ወንበር ዘረጋን፣ ሃያ ሦስት ሰዎች፣
የወንዝ ዳር ማኅበር በጎ ፈቃደኞች።

በጎ ፈቃድ ሲሉት ትልቅ ነገር ይመስላል፤
የግማሻችን ጉልበት ሲነሣ ቋ ይላል።
ዓመቱን በሙሉ ቋሊማ እየጠበስን፣
ከሚስማር ሻጩ ደጅ በጭስ እያነጠስን፣
ሳንቲም ለቃቅመን አግዳሚ ሠራንና፣
አውቶቡስ ጠባቂ ይረፍበት አልንና፣
ተክለነው ስናየው፣ ፊቱ ወደ አጥር፣
ጀርባው ለአውቶቡሱ፣ ዓይኑ ለጎመን ዘር!
በሳምንቱ አዞርነው። አንዲት ሴት ከፍቷታል፤
ከአውቶቡሱ ይልቅ ጎመኑ ይሻላታል።

ምሳው ተደረደረ፦ የአሳማ ጭን በማር፣
የዲልሩክሺ ካሪ፣ ጉሮሮ የሚያሳርር፣
የኖሊን ክሬም ኬክ፣ በሙቀቱ የላላ፣
ወደ ግራ ያዘመመ እንደ አሮጌ ጥላ።
ሆረስ የገና አባት፣ በጥጥ ጢም ታፍኖ፣
ከወገብ በላይ ቀይ፣ ከታች ቁምጣ ሆኖ፣
ከረሜላ በተነ፣ ጠጣር የማይሟሟ፤
የሰው ሠራሽ ጥርሶች እሮሮ ተሰማ።

ከዚያ በርቲ ተነሣ። የጥንት ፖስተኛ፣
ዛሬ የቅጣት ሹም፣ ይግባኝ አልባ ዳኛ፤
በአንድ እጁ ጭልፋ፣ በአንድ እጁ ቆርቆሮ፣
የዓመት ጥፋታችንን በደብተር ቋጥሮ።
«ኖሊን! ሁለት ዶላር። የሎተሪ ቲኬት
ራስሽ ሸጠሽው፣ ራስሽ አሸነፍሽበት።
ትሬቨር! አንድ ዶላር፤ አግዳሚ ስትተክል
ለጎመን ሰግደህ ነው ‹አሁን ሆነ ትክክል›?
ሆረስ! ሦስት ዶላር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ
ሰዓቱን ጠብቀህ ከተትከኝ ትካዜ።»
እኔንም አየኝና፦ «ይህች፣ ምንም ያላጠፋች፣
አንድ ዶላር ትክፈል፤ እኛን አሳጥታለች።»

ስጦታ መቀያየር ሲደርስ ግን ዝም አልን።
በየዓመቱ አንድ ዓሣ አለ የሚያስቀን፦
አረንጓዴ ሸክላ፣ አፉን የከፈተ፣
ሠሪው በሐፍረቱ ከአገር የሸፈተ።
የደረሰው ሁሉ በቀለም ወረቀት
ጠቅልሎ ያመጣል፣ ለከርሞ ሌላ ሰው ሊያፍርበት።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲዞር ኖረ፤
አምና የአልቢ ዕጣ፣ አልቢ ቤት አደረ።
አልቢ ግን በሐምሌ፣ በውርጩ ወር፣ ሄደ።
ይህን ስናስታውስ
የጎረስነው ካሪ አፍ ውስጥ በረደ።

በሩ ሲጢጥ አለ። ባለቤቱ መርል፣
ባለ አበባ ባርኔጣ፣ በእጇ ላይ ጥቅል፤
«ዘገየሁ፣ ይቅርታ፤ ዓሣ አጥምጄ ነው» አለች፣
ጠረጴዛው መሀል ቀስ አድርጋ አኖረች።
«ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት፣ ከመጋዞቹ ስር፤
አስቀድሞ ጠቅልሎ ጽፎበታል፦ ‹ለበርቲ፣ ከፍቅር›።»

በርቲ ጭልፋውን ያዘ። ጉሮሮውን ጠረገ።
ደብተሩን ገለጠ፤ መነጽሩን ፈለገ፤
ግንባሩ ላይ ነበር።
«አልቢ! አራት ዶላር፦
ሁለቱ፣ ዕጣ ሳይወጣ ዓሣ ስለ መዳር፤
ሁለቱ፣ ሳይነግረን፣ ፈቃድ ሳያወጣ፣
ከስብሰባ ስለ ቀረ…» ድምፁ እዚያ ላይ ታጣ።
መርል ቦርሳዋን ከፍታ ቆጠረች፦
«አምስት ነው፤ መልሱን ያዘው፤ ያጠፋል ገና» አለች።

መጀመሪያ ዝም። ከዚያ የሆረስ ሳቅ ፈነዳ፣
ጢሙ ተገንጥሎ ሆነ የካሪው እንግዳ።
(ለዚህም ሁለት ዶላር።)

ወደ ማታ ሳህን አጠብን፤ ቆርቆሮው ተቆጠረ፦
ሰማንያ ሰባት ዶላር፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍም ነበረ።
ለሁለተኛ አግዳሚ መነሻ ይሆናል፤
የት ይተከል? በሚል ጭቅጭቅ ተነሥቷል።
መርል ግን «ወደ ጎመን ፊቱ ይዙር» ብላለች፤
«አልቢ አውቶቡስ አይወድም» ስትል ምክንያት ሰጥታለች።

በርቲ በብስክሌቱ ዓሣውን ጭኖ ሄደ፤
አፉን እንደ ከፈተ ቁልቁለቱን ወረደ።