የጠፋ የሚገኝበት

ፊልሙ ያልቅና መብራቱ ሲበራ፣
እኔ እጀምራለሁ የመጥረጉን ሥራ፦
የፈንዲሻ ፍርፋሪ፣ የተረገጠ ከረሜላ፣
ከወንበሩ ሥር፣ ከሰው ተረከዝ ኋላ።
ጓንት አገኛለሁ፣ አንዳንዴም ባርኔጣ፤
ከሣጥን አኖረዋለሁ ባለቤቱ እስኪመጣ።
ክዳኑ ላይ አለ የገዛ እጄ ጽሕፈት፦
«የጠፋ የሚገኝበት»።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

በፑንታ አሬናስ፣ በምድር ጫፍ ከተማ፣
ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ብትጮኽ አትሰማ።
ሲብስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከጥግ እስከ ጥግ
ገመድ ይዘረጋል፣ ሰው ይዞ እንዲሄድ በወግ።
ያን ለት በቀኝ እጄ ገመዱን ጨበጥሁ፣
በግራዬ ናዌልን። አንደኛውን ለቀቅሁ።
ገመዱን አልነበረም።

ነፋስ ባርኔጣዬን ካናቴ ሲነጥቅ፣
ግራ እጄ ተነሣ። ይኸው ነው፤ አልደብቅ።
ዘወር ስል ልጅ የለም። አረንጓዴ መኪና
ወደ ወደቡ ታጠፈ፤ የቀረው መንገድ ኦና።
ስድስት ዓመቱ ነበር። የፊት ጥርሱ ሊወልቅ ተነቃንቆ፣
ጠዋቱን በምላሱ ሲገፋው ነበር፣ ስቆ ስቆ።
ፖሊስ ፎቶውን በየዓመቱ በኮምፒውተር ያሳድጋል፤
ዘንድሮ የጢም ጥላ ጣለበት።
ጥርሱ ግን እኔ ዘንድ አሁንም ይነቃነቃል።

ሰሞኑን የምናሳየው ፊልም ልጅ ፍለጋ ነው።
አባትየው አንዱን፣ የጠረጠረውን ሰው፣
ምድር ቤት አስሮ በመዶሻ ያነጋግራል፤
ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ፣ በልቡ «ጨምርለት!» ይላል።
«አንቺስ ባታዪው» አለኝ ዋልዴማር፣ ትኬት እየቆረጠ፤
ሰባት ሌሊት አየሁት፣ ዓይኔ መዶሻው ላይ እያፈጠጠ።
በሁለት ሰዓት ከሩብ ልጁ ይገኛል።
አባትየው እጁን ይታጠባል፤
ውኃው ይቀላል፤
ከዚያ ቫዮሊኑ ይገባና ይምረዋል።

እኔም ሰው ነበረኝ የምጠረጥረው፦
ኤሌውቴሪዮ፣ ሥጋ ሻጩ፤ መኪናው አረንጓዴ ነው።
መዶሻ አላነሣሁም፤ ያነሣሁት ስሙን፣
ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ዝቅ አድርጌ ድምፄን።
መዶሻውን ከተማው ከየጓዳው አወጣ፤
መስታወቱ ረገፈ፤ ጠፋ ሥጋ ሊገዛ የመጣ።
አንድ ሌሊት እሱም የለም።

በአራተኛው ወር ነው መርማሪው ኦባንዶ
የመርከብ ትኬት ያሳየኝ፦ ሰውየው ያን ለት ባሕር ተሻግሮ ሄዶ
ከደሴቱ ስድሳ በግ ሲያርድ ውሏል።
ቀኑ ተመትቶበታል። ሰዓቱም ተመትቶበታል።

ይህ ለማን ይነገራል? ተነሥቼ ሄድሁ፤
የተሰነጠቀ በሩን በጣቴ አንኳኳሁ።
አሮጊት እናቱ፣ ዶኛ ኦርቴንሲያ፣ ሻማ ይዛ ብቅ አለች፤
አፌን ሳልከፍት በፊት
«ልጄን አገኛችሁት?» ብላ ጠየቀች።

ምን ልበላት?
ገባሁና ሻይዋን ጠጣሁላት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሲኒማ ቤት ትመጣለች።
ፊልሙን አታይም፤ ከኋላ ትቀመጣለች።
ስጠርግ እግሯን ታነሣልኛለች። ከዚያ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ፣
ታገላብጣለች፦ የልጇ የቆዳ ኮፍያ ምናልባት ተረስቶ…
እሷ የአዋቂ ኮፍያ፣ እኔ የልጅ ጓንት።
ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳነሣው
አልጠየቀችኝም አንድም ለት።

በሩን ቆልፈን እንወጣለን። ገመዱ ተዘርግቷል።
በቀኝ እጄ እሱን፣ በግራዬ እሷን፤ የመንገዱ መብራት ጠፍቷል።
ነፋሱ ያጓራል። አንድ ነገር ትላለች፤
አልሰማሁም። ብቻ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች።

ባርኔጣ የለኝም።