ፀረ እንግዳ

ባርባ ዚሲስ መጣ፣ በጭጋጉ መሐል፣
ከፒንዶስ ተራራ ጭኖ የእንጨት በርሜል፤
መኪናው ሲያቃስት፣ በሩ ላይ ሲገታ፣
ከሱ ቀድሞ ገባ የጨው ውኃው ሽታ።
«የበግ ነው» እያለ ክዳኑን መታ መታ፤
«የላም? የላም የለም፣ በዚያ በእኔ ቦታ።»

ከነጩ ቆረስኩኝ፣ የአተር ፍሬ ያህል፣
በብልቃጥ አሟሟሁት፣ ሰዓቴን ሳስተካክል።
እሱ ቆቡን ይዞ እንደ መኪና መሪ ያሽከረክራል።
«አሁን ይቺ» አለኝ፣ «የጣት ታህል ወረቀት፣
በምን ዐይኗ አይታ ትለያለች ወተት?»

ነገርኩት፦ አንዲት ጥንቸል የላም ወተት ቢወጓት፣
ደሟ «ማነህ?» ብሎ ዘበኛ አቆመላት።
ያ ዘበኛ በግ ቢያልፍ፣ ፍየል ቢያልፍ፣ አይነሳም፤
የላም ጠብታ ካየ ግን አንቆ ይዞ አይለቅም።
በሙያችን ስሙ ፀረ እንግዳ ይባላል።
«ፀረ እንግዳ!» ይላል፣ ትከሻው በሳቅ ይዋልላል፤
«እኔ ቤት ግን፣ ልጄ፣ እንግዳ ጦሙን አያድርም፣
ሌሊት የመጣ ሰው ስሙን እንኳ አይጠየቅም።»

አምስት ደቂቃ።
አንዱ መስመር ወጣ፤ እሱ የወረቀቷ ነው፣
«አልተበላሸሁም» ማለቷ፣ ሁሌም የሚመጣው።
ስምንት ደቂቃ ላይ፣
ከጎኑ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ድመት ጥፍር ጭረት፣
ሌላ ቀይ፣ ቀጭን፣ ያፈረ የሚመስል ምልክት።

በሰማይ ያለች ላም፣ ወተቷ የማይታይ፣
ዛሬ ወተቷ መጣ፣ ላሟ ሳትታይ።

ሳቁን አጠፈው። ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
«በጥር ነው» ሲል ጀመረ።
«ነጭ ቱታ ለባሾች በሽታ ገባ ብለው መጡ፣
ስልሳ አራቱን በጎቼን በአንድ ጉድጓድ ከተቱ።
አሥራ አንድ ቀሩኝ። ፋሲካ ሲቃረብ በርሜሉ፣
አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ መጠየቅ ነው አመሉ።
ሟች ሚስቴ ያጠበችው ነው። ባዶውን ማየት ቢከብደኝ፣
ሸለቆ ወረድኩ፤ ዲሞፎን ሦስት ላም አለው፤ ሸጠልኝ።
አንድ ጣሳ ብቻ። ኋላ ሁለት።
ኋላ መቁጠሩን ተውኩት።»

ሲሄድ በርሜሉን ረሳው፣ ወይ ተወው፤ አልጠየቅሁም።
የቀረችውን ቁራሽ አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ፤
በግ በግ አለኝ፣ ጨው ጨው፣ ተራራ ተራራ፤ ምንም አልለየሁ።
ምላሴ ደግ ነው፤
ለእንግዳዋ ወንበር ሳበላት።
ቅጹ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው፦
የላም ወተት፦ አለ። የለም።
ብዕሬን አነሳሁና፣
«የለም»ን ሰረዝኩት።