ቀድሞን የሳቀው ሰው

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የእመት ባንቺአየሁ ቪዲዮ ቤት፤
ሰባት አግዳሚ፣ አንድ ሸራ፣ ያረጀ ቴሌቪዥን ያለበት።
መግቢያው አንድ ብር ነው፤ ለልጅ ስሙኒ ይቀንሳል፤
ትኬት ቀዳጁ እኔ ነኝ፤ ጄኔሬተሩ ውጭ ይስላል።

አለኸኝ ማይኩን ጨብጦ ከስክሪኑ ጎን ይቆማል፤
ህንዶቹ አፍ በከፈቱ ቁጥር በጎጃም አማርኛ ይመልሳል።
ማን አስተማረው? ማንም።
«ልቤ ገባው» ይላል እንጂ ሌላ ምክንያት አያውቅም።
ጀግናው ሲቆጣ፣ «አንተ፣ ምን ሆንህና ነው!»
ልጂቱ ስታለቅስ፣ «የወንድሜን መሬት ቀሙት» ነው።
እኛም እናለቅሳለን፤
የመሬት ነገር እናውቃለን።

አንድ ማታ የማርቆስ አውቶብስ ጎማው ፈንድቶ ቆመና
አንድ ህንዳዊ መምህር ገባ፣ ከተሳፋሪው ተለየና።
ሱባራኦ ነው ስሙ፤ ሙዝ በፌስታል ይዞ፣
ተቀመጠ ከኋላ፣ ተክዞ።

ከዚያ
እኛ ሳንስቅ ሳቀ።
አለኸኝ ገና ትንፋሽ ሲስብ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ።
ቤቱ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ፤
አለኸኝ ያን ቀን ብቻ ተደናገረ።
ኋላም እኛ በሳቅ ስንፈርስ
እሱ በሻርፑ ጫፍ ዓይኑን ሲያብስ።

ቤንዚን እስኪጨመር ከበን ጠየቅነው፤
«ህንድኛ አይደለም» አለ፤ «ቴሉጉ ነው።»
ህንድ ሁሉ ህንድኛ አይናገርም እንዴ? አልነው።
«እንጅባራ አገውኛ ሰማሁ፤ እዚህ ደግሞ አማርኛ፣
በአንድ አስፋልት፣ በአንድ ከሰዓት፤
እናንተስ ስንት ናችሁ?» አለን ለእኛ።

አያቱ ድምፅ አልባውን ፊልም በበሬ ጋሪ ጭኖ
ከመንደር መንደር ይዞር ነበር፣
ድንኳን ተካይም አዋጅ ነጋሪም ተርጓሚም እሱው ሆኖ።
«ልክ እንዳንተ» አለው አለኸኝን። አለኸኝ መሬት መሬት አየ።
ኋላ ፊልሙ አፍ አወጣ፤ የአማልክቱን ወግ ተረከ፤
ቤት ግን አልነበረውም።
ማድራስ ላይ፣ በሰው ቋንቋ ከተማ፣
ጭሰኛ ሆኖ ኖረ፣ ዕድሜው እስኪገማ።
ሃይደራባድ ድንጋይ ሰጡት፣ ሣር የማይበቅልበት፤
ፈንቅሎ፣ ጠርቦ፣ ቤት ሠራበት።
«ዛሬማ የጀግናው ምስል ፎቅ ያህላል፤
ጎረምሳው መሰላል ወጥቶ ወተት ያፈስበታል።»
«ወተት?» አለች እመት ባንቺአየሁ፣ ላሟ የነጠፈችባት፤
«በጤናው ነው?»

አለኸኝን ግን ሌላ ነበር የከነከነው፤
«ልጂቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ብላ ነው የምታለቅሰው?»
ሰውየው አፉን ሲከፍት ጥሩምባው ተነፋ፣
«ማርቆስ! ማርቆስ!» አለ ረዳቱ፣ በሩን እየገፋ።
ከእጄ ትኬት ነጥቆ ቃሏን ጻፋት በቋንቋው፤
ሳይፈታልን ሮጠ፤ ሙዙንም ረሳው።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። አለኸኝ ባጃጅ ይነዳል።
ፊልሙ በየስልኩ ይመጣል፣ ጥርት ባለ አማርኛ ያወራል።
ቀድሞን የሚስቅ የለም።
ትኬቷን አልጣልኋትም።
ፊደሉ ክብ ክብ ነው፣ ሁሉም ዐይኑ ዐ የሚመስል፤
ዘጠኝ ናቸው፤ ቆጥሬያለሁ፤ ማንበብ ግን አልችል።
መብራት በጠፋ ማታ ሻማ አስጠግቼ ሳያቸው
መልሰው ያዩኛል፣
ዘጠኝ ዐይን፣
እንባ ይሁን ሳቅ ሳይለይባቸው።