ተጠየቅ

የእኔ ሥራ መስማት ነው፣ የሰማሁትን መጻፍ፣
ቃል ሳላስቀር፣ ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት «እና» ሳላሳልፍ።
ዊኒፔግ፣ ምክር ቤት፣ ምድር ቤት፤ የእንፋሎት ቧንቧ ከራሴ በላይ፣
የላይኞቹ ድምፅ በጆሮዬ፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ፤
ስረግጠው ይናገራሉ፣ ስለቀው ዝም ይላሉ፣
ሚኒስትር ሆነ ተቃዋሚ፣ ከእግሬ ሥር እኩል ናቸው ሁሉ።
በዋናው ደረጃ ሁለት የነሐስ ጎሾች በረዶ ተሸክመዋል፤
እኔ በጓሮ እገባለሁ፣ ማን ያየኛል።

የዳርካ ፔትሪሺንን ድምፅ በሳሏ አውቀዋለሁ፤
ከጥያቄዋ በፊት ሁለቴ ትስላለች፤ አልጽፈውም፣ እተወዋለሁ።
ተቃዋሚ ናት፣ የኋላ ወንበር፣ ከምሰሶው ጥግ፣
ካሜራው ግማሽ ፊቷን ይዞ ግማሹን ለድንጋዩ የሚያደርግ።
አርባ አምስት ሰከንድ አላት። ደብዳቤ አነበበች፦

«ስሜ ስቫቫ ቶርላክሰን፣ ከጊምሊ፤ ሰማንያ አራት ነው ዕድሜዬ፣
የምታጥበኝ ልጅ በሳምንት ሁለቴ ትመጣ ነበር ቤቴ፣ እግዜር ይስጣት፣ ለገላዬ።
አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሆነ። ሐይቁ ከመስኮቴ ሥር አለ፤
ያን ሁሉ ውሃ እያየሁ፣ ገላዬ ውሃ እንደናፈቀ ዋለ።»

ክቡር ሚኒስትሩ ተነሡ። የተከበሩትን አባል አመሰገኑ።
ያለፈው መንግሥት ያጠፋውን በየዓመቱ ተነተኑ።
ሦስት ቁጥር ጠሩ፤ አንዱም ሴትዮዋን አያጥብም።
ጻፍኩት። «ከመቼውም የላቀ በጀት» የሚለውንም።

አጎቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። «ተጠየቅ!» ካሉ በኋላ
ዱላቸውን ተክለው ይቆማሉ፤ ማምለጫ የለም ሌላ።
ተጠየቅ የተባለ ሰው ስለ ዝናቡ አያወራም፤
ጠያቂው ደሃ ቢሆንም፣ ሙግቱ ጌታ አይፈራም።
እዚህ መጠየቅ መብት ነው፤ መመለስ ግን ልማድ፤
ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን ያልፋሉ፣ ሳይነካኩ፣ እንደ ሁለት መንገድ።

አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፤
አንዴ ለሰባት ሰው፣ ሁለቱ ተኝተው፣ በእኩለ ሌሊት።
በአሥራ ሁለተኛው ወረቀቷን አጥፋ አስቀመጠችው።
«ሚኒስትሩ» አለች፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የታጠቡት መቼ ነው?»

ሳቅ። የጠረጴዛ ድብደባ። አፈ ጉባኤው፦ «ሥርዓት! ሥርዓት!
የተከበሩት አባል ቃላቸውን ያንሡ።»
ጸጥ አለች። በእኔ ቆጣሪ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።
ለጫጫታ ምልክት አለን፤ ለዝምታ ግን የለንም አንድ።
ከዚያ፣ «ቃሌን አነሣለሁ» አለች፣ «ጥያቄዬንም አነሣለሁ።»
በእንግሊዝኛ ሁለት ግስ ነው፤ እኔ አንድ ሰማሁ።

ያን ማታ ቤት ገብቼ ሙቅ ውሃ ከፈትኩ፤ ቆየሁ፤ አፈርኩ፤
የሰው ድርሻ እንደወሰደ ቶሎ ወጣሁ፣ እየተንጠባጠብኩ።

በሚያዝያ፣ ከጎሾቹ ጀርባ በረዶው ሲወርድ፣ በጀት ተነበበ፤
በግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «መታጠቢያ፣ በሳምንት አንዴ።» ተጨበጨበ።
መንግሥት «ሰምተናል» አለ። ከማን እንደሰማ አልተናገረም።
በጀት «ማን ጠየቀ» የሚል ዓምድ የለውም።
እኔም ያልተባለ አልጽፍም፤ ለዚያ አይደለም የሚከፍሉኝ።
ግን የዓመቱን ማውጫ በፊደል ተራ የማሰናዳ እኔ ነኝ፤
«ገላ መታጠብ» ብዬ ከፈትኩ፤ ማንም ምነው አላለኝ።
ከሥሩ «ፔትሪሺን» አልኩ፣ አሥራ ሁለት የገጽ ቁጥር፣
እንደ ወረፋ የቆሙ፣ በአንድ መታጠቢያ በር።

ዛሬ ከሰዓት ስሟ ተጠራ። ስቫቫ ትኑር አትኑር አላውቅም፤
ከጊምሊ የሚመጣ ፖስታ ምድር ቤት አይወርድም።
የምሰማው የወረቀት ኮሽታ ነው።
በሳምንት ሁለቴ ነበር፤ አንዷ ቀን ገና አልተመለሰችም።

ሁለቴ ሳለች።
እግሬን አነሣሁ፣ ጥቂት ቆየሁ፣
መልሼ ረገጥኩት።