የኮርዊን ልክ

መጋቢት ገብቶም የዳኮታ በረዶ መሬት አልለቀቀ፣
የአዳራሹ ቆርቆሮ በነፋስ ጉልበት ተጨነቀ፤
ከሥሩ የፕላስቲክ ሣር፣ ነጭ መስመር፣ ነጭ ቁጥር፣
ስድስት ሰዎች ሰዓት ጨብጠን፣ አንድ ልጅ ልንቆጥር።

ኮርዊን ሃልቮርሰን። ስድስት ጫማ ከአምስት፣
ክብደቱ ሁለት መቶ አርባ ስምንት።
ካልሲውን አውልቆ ከግድግዳው ተለጠፈ፣
ዴልማር በእርሳስ ጫረ፣ ጸሐፊው ጻፈ።
ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አስዘረጉት፣
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ለኩት።
ስንዝር! ሰው ሜትር ሳያውቅ ዓለሙን የለካበት፣
ዛሬ ተራው ደረሰና ኢንች ተዘረጋበት፤
ዘጠኝ ተኩል። ክንድም እንዲሁ፣ ያ የጥንት የሸማ መለኪያ፣
ሠላሳ ሁለት ከሩብ። «አጠረ» አለ ከጎኔ ባለ ቀይ ኮፍያ።

ታይት ኤንድ ምንድን ነው? ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፦
እኔ የሚዙሪ ሰው ነኝ፣ በቅሎ ሲሸጥ አይቻለሁ።
መስመሩ ላይ ከግዙፎቹ ጋር ገጥሞ እንደ አህያ ይገፋል፣
ኳሷ ስትወረወር ደግሞ እንደ ፈረስ ይከንፋል።
«አባትህ ማነው?» ሲሉት «እናቴ ፈረስ ናት» ነው መልሱ፤
ሰው የሚያጨበጭበው ለመያዙ፣ ለመክነፉ፣ ለፈረሱ።
የአባቱን ወገን፣ መግፋቱን፣ ማንም በስሙ አይጠራ።
እኔ ስድስት መቶ ማይል የነዳሁት
አህያውን ፍለጋ ነው፣ በዚህ ሁሉ ብርድና ጭጋግ፣ ብቻዬን፣ በዚያ ጎዳና።

አርባ ያርድ ሮጠ። ሰዓቴ አራት ከሰባ ዘጠኝ አለ፣
የባለ ቀይ ኮፍያው አራት ከሰባ አራት፤
ጣቱ ቸኩሎ ይሆናል፣ ወይ ልቡ ለልጁ አደላ።
ሃያ ሁለት ኳስ ወረወሩለት፤ ሃያ አንዱን በመዳፉ ቀለበ፣
አንዱም ደረቱን አልነካም።
አንዲቷ ግን፣ በግራ በኩል ከፍ ብላ የመጣች፣
የጣቱን ጫፍ ስማ አመለጠች።

«ይሁን፣ አንድ ናት» አሉ። የኔ ዓይን ግን እዚያው ቀረ፣
ኳሷ ከወደቀችበት አይደለም፣
ክንዱ ከጆሮው በላይ አልሄድ ብሎ ከቆመበት።

ፊልሙን ክረምቱን ሙሉ አይቼዋለሁ፦
የጥቅምት ጨዋታ፣ ሦስተኛው ሩብ፣ ዝናብ፤
ኳሷ በወዲያኛው ጥግ ስትሄድ፣ ማንም ሳያየው፣
አንድ ተከላካይ ይዞ ሃያ እርምጃ ገፋው።
ሲነሳ ግራ ክርኑን በቀኙ ደገፈ፣
እንቁላል እንደ ያዘ ሰው፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ተሰለፈ።

ሁሉ አልቆ ጃኬቱን ሲያነሳ የግራውን እጅጌ አስቀደመ፣
ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ።
እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ እንዲያ ለብሼ አውቃለሁ፤
ያኔ አንድ ሰውዬ አይቶኝ ነበር፤ ምን እንደጻፈ አልነገረኝም።

«ትከሻህ?» አልኩት በሩ ጋ።
«ደህና ነው።» ዝም አልን። ቆርቆሮው ተንኳኳ።
«ከጥቅምት ጀምሮ» አለ ኋላ። «ለእናቴም አልተነፈስኩ።
ዴልማር ቢሰማ ያስቀምጠኛል፤ ተተኪዬ ገና አሥራ ስምንቱ ነው፣
ያንን ሁሉ በማን ላይ ልጥለው?»
ከዚያ ጫማዬን እያየ፦ «ይጽፉታል?»
መኪናዬ በረዶ እንደያዘ ነገርኩት። መልስ ይባላል?

አሁን ሞቴል ነኝ። ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ያስላል፣
የቆርቆሮ ሾርባዬ ቀዝቅዟል፣ ቅጹ ፊቴ ተዘርግቷል።
ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፤ ሁለት ዓምድ፣ በመሐል ቀጭን መስመር።
ቁመቱን ሞላሁ። ስንዝሩን፣ ክንዱን፣ ፍጥነቱን ሞላሁ፤
ስለ አህያውም ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።
«ሕመም ይደብቃል» የምትለዋ ቀረች፣
እውነት ናት፣ መጻፏ አይቀርም፤
የት እንደምትቀመጥ ነው ያጣሁት፣ በግራ ወይስ በቀኝ?

ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር ይንጫጫል። ሰዓቴ ናት፤
ከበሩ ጋ ጀምሮ ተጭኛት ኖሮ፣
አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆጥራለች፣
ገናም አላቆመች።